ግርማ ሲታመም፦ "ሰው ይዘህ እንዳትመጣ"

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ጉዳይ ምን እንዳስወጣኝ ልናገር፤ ዋጋውን ደብቆ ዕቃውን የሚያሞግስ ነጋዴ እኔ ራሴ አላምነውም። አንድ የፋሲካ ገበያ እንዳለ አምልጦኛል። የቫኗ ክላች ተቃጥሏል። ሁለት ወንበር ተሰብሯል፤ አንደኛውን የሰበሩት ሽማግሌ ከወደቁበት ሲነሡ ይቅርታ በማለት ፈንታ፣ "ምነው ልጄ፣ ለሰው የሚሆን ወንበር የለህም?" ብለውኛል። ከዚህ ሌላ የወጣብኝ የለም። ሐኪሙንም፣ አልጋውንም፣ መድኃኒቱንም አገሩ ችሎታል፤ ይህን ሁሉ ዓመት በግብሩ ሳማርረው የኖርኩት አገር ማለቴ ነው።

የምጽፈው ለሁለት ነገር ነው። በቤታችሁ ትራስ ካልደራረበ መተኛት ያቃተው፣ ደረጃ ሲወጣ እመሐል ላይ ቆሞ የሚያርፍ ሰው ካለ፣ "ብርዱ ነው" ብላችሁ እንዳትተዉት። ሌላው፣ አስካለ የምትባል ሴት እንዳለች እንድታውቁ።

አስካለ የግርማ ሚስት ናት። ግርማ ደግሞ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሃርልስደን በሚባል ሰፈር ባለችው ሱቄ፣ ከተከፈተች ጀምሮ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ የስልክ ካርድ እንሸጣለን። እኔ በአፌ እነግዳለሁ፣ እሱ በትከሻው። የጤፍ ጆንያ ከምድር ቤት ሲያወጣ ባዶ እጁን የሚመጣ ይመስላል፤ ሴቶች ካሉ ደግሞ ሁለት ይደርባል።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ እንደገባ፣ ግርማን ከምድር ቤት በሚወጣው ደረጃ መሐል ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጆንያውን ከግድግዳው አስደግፎ፣ ዕቃ እንደወደቀበት ሰው መሬት መሬት ያያል።

"ምን ጠፋህ?" አልኩት።

"ትንፋሼ" አለኝ።

ሳቅን። ጾመኛ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ሁሉንም በጾሙ አሳበብነው። ይህ የእኛ ሰው ስሕተት ነው። ሁዳዴ ላይ የከሳ ሰው "ምን ሆንክ?" አይባልም፤ እንዲያውም ይመሰገናል። እትዬ ዘውዴ የሚባሉ የቆዩ ደንበኛዬ ግርማን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ "እንዲህ ነው እንጂ መጾም!" አሉና ዞር ብለው ሆዴን አዩት።

ቀጥሎ ሳል መጣ። ዝንጅብል ተቀቀለ፤ ነጭ ሽንኩርት ተወቀጠ፤ እትዬ ዘውዴ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጡ። አልሻል ሲል አስካለ የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒው ጋ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ "እንዴት ነህ?" ሲለው ግርማ እንደ ወጉ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ብሎ መለሰ።

"ሙሌ፣ ስንት ጠዋት ስልክ ላይ ተጥጄ ያገኘሁትን አፖይንትመንት ደህና ነኝ ብሎ ጨረሰው!" አለችኝ፣ እሱ ባለበት።

"እና ታምሜያለሁ ብዬ ልጀምር? እሱም ሰላም ብሎኝ?" አለ ግርማ።

አስም ነው ተባለ፤ በአፍ የሚሳብ ሰማያዊ መድኃኒት ተሰጠው። በሁለተኛው ጉዞ ቡናማው ተጨመረ። በሦስተኛው፣ ከየት አገር እንደመጣ ሲያዩ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ብለው ራጅ አነሡት፤ አክታውን ቼክ አደረጉት። ነጻ ነህ ተባለ። ግርማም ነጻ በመሆኑ ደስ ብሎት፣ እያሳለ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያላመነች አስካለ ብቻ ነበረች። "ሰው በአስም ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ አያድርም" ትላለች። "ጀርባው ላይ ጆሮዬን ሳስጠጋ፣ ጋደም ባለ ቁጥር ውስጡ ይንቦጫቦጫል። ውሃ ነው።" ለጂፒውም ይህንኑ በቻለችው እንግሊዝኛ ነግራዋለች። ራሱን ነቀነቀና ቡናማውን አዘውትር አለ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በርበሬ አምጣ ብዬ ወደ ምድር ቤት ብጣራ መልስ ጠፋ። ወርጄ ሳየው ግርማ ጆንያ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ በአፉ ደም የነካው አረፋ ይወጣል። አምቡላንስ ስጠራ ስልክ ያነሣችው ሴት፣ "ይተነፍሳል?" ስትለኝ፣ በሃያ ዓመት የሰበሰብኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። "ይሞክራል" አልኳት።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ወንበሮች ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው። በኋላ ሱቄ ውስጥ ለተሰበሩት ወንበሮች መፍትሔው እዚያ ነበር፤ ያኔ ግን አልታየኝም። አስካለ ከጎኔ ተቀምጣ ነጠላዋን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። አንዲት ወፍራም ነርስ መጥታ እኔን ለግርማ ምኑ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

"ወንድሙ ነኝ።"

ወረቀቷን አየች። "የአባታችሁ ስም አይገናኝም።"

"እኛ አገር እንዲህ ነው" አልኳት። እኛ አገር እንዲያ አይደለም። እሷም ያወቀችብኝ ይመስለኛል፤ ግን፣ "ሻይህ በስኳር ነው ያለ ስኳር?" ብላኝ አለፈች። ያን ሻይ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ግርማ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። መጀመሪያ የሳንባ ምች ነው አሉ። በማግሥቱ አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች፤ ቁመቷ ከደረቴ አያልፍም፣ ጫማዋ የሩጫ ነው። የኦክስጅኑን ጭንብል አንሥታ፣ አፉን አስከፍታ በባትሪ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

"እንጥሉ የት ሄደ?"

"ተቆርጧል።"

"ለምን?"

"ልጅ ሆኖ ጉሮሮውን ያመው ነበራ። እኛ ዘንድ ጉሮሮው የሚመላለስበትን ልጅ እንጥሉን ያስቆርጡታል።"

"ሐኪም ነው የሚቆርጠው?"

"ሐኪም አይደለም። ሰውዬ ነው።"

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ከጉሮሮው ሕመም በኋላ ጉልበቱ አብጦ ያውቃል? ጠይቅልኝ።"

ጠየቅኩት። ግርማ በጭንብሉ ውስጥ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ክረምት ሙሉ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እየተፈራረቁ አብጠው፣ ቁርጥማት ነው ተብሎ ተኝቶ ከርሟል።

አስካለ ትክ ብላ አየችው። "ይህን ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም።"

"አልጠየቅሽኝም" አለ በጭንብሉ ውስጥ።

ሐኪሟ በግራ ጎኑ አስተኝታው ማዳመጫዋን ከጡቱ ሥር አስጠጋችና ዓይኗን ጨፈነች። መርካቶ ልጅ ሆኜ፣ ጠገራ ብር ድንጋይ ላይ ጥለው በድምፁ ብቻ ንጹሑን ከተቀላቀለው የሚለዩ ሽማግሌዎች አይቻለሁ። ያን ዓይነት ጆሮ እንደገና አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ ይጮኻል፤ እሷ ግን አንዲት ነገር ብቻ እየሰማች ነው።

ከዚያ በልብ አልትራሳውንድ አዩት፤ የሰማችው ትክክል ሆኖ ተገኘ። እንዳስረዳችን ልንገራችሁ። ልብ ውስጥ በሮች አሉ፤ ደም በነሱ ይገባል፣ ይወጣል። የልጅነት የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በመድኃኒት ካልታከመ፣ ጉልበትን አሳብጦ ልብን አቁስሎ ይሄዳል። እንጥሉን መቁረጥ ይህን አያስቀረውም። ቁስሉ ሲደርቅ በሩ ይጠነክራል፣ ዓመት ቆጥሮ ይጠባል። የግርማ በር ቀስ በቀስ የሸሚዝ ቁልፍ ማስገቢያ አክሏል። ደሙ ወደፊት ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሳንባው ይመለስና ውሃ ያቁራል፤ ሰው ሲተኛ የሚንቦጫቦጨው እሱ ነው።

ይህን ወደ አማርኛ መልሼ ስጨርስ አስካለ፣ "ነግሬያቸው ነበር" አለች። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። እኔ ብሆን እስከዛሬ እደግመው ነበር።

ሐኪሟ ተማሪዎቿን አምጥታ የግርማን ጉሮሮ አሳየቻቸው። ከዚያ እኔን በዓይኗ ለካችኝ። "አንተስ?" ለጉምሩክ ሰዎች ያልከፈትኩትን አፌን ለአምስት ተማሪ ከፍቼ ቆምኩ። የኔም የለም።

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ረጅም ሰው ነው። ደረቱ ተከፍቶ በሩ በሰው ሠራሽ በር መተካት እንዳለበት ነገረን፤ ብዙ መቆየት እንደማይቻልም ተናገረ። ግርማ አልፈርምም አለ።

"በገዛ እግሬ ሄጄ ደረቴን እንደ በግ?" አለ። "ፋሲካ ይለፍ፣ ከዚያ እንተያያለን።"

ይህን ጊዜ ወሬው ተሰማ፤ ሰዉም ለጥየቃ ወጣ። ስለ ሕመምተኛ ጥየቃችን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ኮሪደሩ ሞላ፣ አሳንሰሩ ሞላ። የዋርዱ ኃላፊ ለአንድ አልጋ ሁለት ሰው ብቻ ነው ስትል፣ አንዱ፣ "እኛ ሁለት ነን፤ እነዚያ ሌሎች ሁለቶች ናቸው" ይላታል። የገባውም ሁሉ ምክር ይዞ ነው የሚገባው። አንዱ፣ "ቢላ እንዳታስነካ፤ አየር ከገባ አለቀልህ።" ሌላው፣ "አገር ቤት ጸበል እንውሰደው።" ሌላው ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሞቱ ዘመዶቹን በስም በስማቸው ይተርካል። ግርማ ለሁሉም፣ "እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላል፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይፈራል።

አስካለ ሱቅ መጣች።

"ሙሌ፣ ሱቁን ስጠኝ።"

"ምን ልትሸጪበት?"

"ምንም። ሰዉን ላስቀምጥበት። አትምጡ ብል ይቀየማሉ፤ ሳይጠየቅ ቢቀር ደግሞ እሱ የተጣለ ይመስለዋል። ጥየቃው እዚህ ይሁን። እኔ አደርስለታለሁ።"

በገበያ ወቅት ነው ይህ የሚሆነው። አሥር ወንበር ደረደርኩ፤ አልበቃም። በምርጫ 97 ሰበብ ሰላምታ የተነፋፈጉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሱቄ ሲገቡ አንዱ በአንዱ በር፣ ሌላው በመስኮት ቢገባ ደስ የሚላቸው። በወንበር እጦት አንድ የሽሮ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስለ ግርማ ሲያወሩ ዋሉ። አንዳቸውም ምንም አልገዙም።

አስካለ ሁሉንም ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ትሰማለች። ከዚያ ሆስፒታል ሄዳ ግርማ አጠገብ ትቀመጥና ማን መጣ፣ ማን ምን ብሎ መረቀው፣ የማን ልጅ ተመረቀች፣ ማን ወንበር ሰብሮ ወደቀ፣ አንድ ሳታስቀር በቃሏ ትነግረዋለች። ግርማ በወንበሩ ወሬ ሲስቅ መሣሪያው ሁሉ ይንጫጫል። ምክሮቹ ግን የሉም። አንዳቸውም አልጋው ድረስ አልደረሱም።

"ምክሩን የት እያደረግሽው ነው?" አልኳት በሹክሹክታ።

"እዚያው ሱቅህ ትቼው እመጣለሁ። ስትዘጋ ጥረገው" አለችኝ።

ሦስት ቀን እንዲህ ከሆነ በኋላ፣ ግርማ የራሱን ሐሳብ መስማት የጀመረ መሰለኝ። ወተት አልጠጣም ያለውን እንኳ የነፍስ አባቱ በስልክ ተቆጥተው አጠጡት። አንድ ከሰዓት አስካለ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ስትሄድ ብቻችንን ቀረን።

"ሙሌ፣ አንተ ብትሆን ትገዛለህ?" አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ለደንበኛ የማስበውን ያህል አሰብኩ። "መርካቶ ሳድግ ዋስትና አለው ብሎ የሸጠልኝ ሁሉ አጭበርብሮኛል" አልኩት። "ያ ረጅሙ ሰውዬ ምን አለህ? ልትሞት ትችላለህ አለህ፤ ዓይንህን እያየ። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራ። እኔ እገዛለሁ።"

"ደግሞ አንተ መቼ ሳትከራከር ገዝተህ ታውቃለህ" አለኝ። ማታውን ፈረመ።

ቀዶ ሕክምናው ከሕማማት በፊት ባለው ሳምንት ሆነ። ግርማን ሲያስገቡት አስካለ ግንባሩን ስማው ስታበቃ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ወደ እኔ ዞራ እንደ ሥራ ጉዳይ ተናገረች።

"ለሆስፒታሉ ያንተን ቁጥር ሰጥቻለሁ። ባልሽ ሞተ የሚለውን በእንግሊዝኛ መስማት አልፈልግም። አንተም ደግሞ እንዳትደውልልኝ። በስልክማ የሞተውም ደህና ነው ነው የሚባለው፤ አላምንህም። በእግርህ መጥተህ ነው የምትነግረኝ።"

"እሺ።"

"ክፉ ከሆነ በወጉ ሰው ይዘህ ና፤ ብቻዬን አልችለውም። ደህና ከሆነ ግን፣ ሙሌ፣ ሰው ይዘህ እንዳትመጣ። ብቻህን ካየሁህ አፍህን ሳትከፍት ይገባኛል።"

በሥራ ዘመኔ ብዙ ውል ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል የጠራ ግን አልገጠመኝም።

ከረጅም ሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ወጥታ፣ በሩ ተተክቷል፣ ግን ደሙ አልቆም ስላለ እንደገና ሊከፍቱት ነው አለችን። እዚህ መቀመጣችሁ ምንም አይጨምርም፣ እንደውላለን አለች። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል። አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሰፈሯ፣ ወደ ኬንቲሽ ታውን ሄደች፤ እኔ ወደ ሱቅ።

ሱቁ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም እጄ ላይ ያለውን ስልክ ያያል። ስልኬ ሲጮኽ ወደ ምድር ቤት ወርጄ አነሣሁት። ደሙ ቆሟል፤ ልቡ እየሠራ ነው፤ ገና በማደንዘዣ እንደተኛ ነው፣ ነገ እንቀሰቅሰዋለን። ግርማ የወደቀባት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወጣሁ። መናገር አላስፈለገኝም፤ ፊቴን አይተው ሱቁ በእልልታ ተናጋ።

ቫኗን ስከፍት፣ ኋላዋ በሰው ሞልቷል። እትዬ ዘውዴ ከፊት ወንበር ቀበቷቸውን አሥረዋል።

"ውረዱ!" አልኩ።

"ለምስራች እኮ ነው!" አለ አንዱ ከኋላ።

"በእናታችሁ ውረዱ! ብቻህን ና ብላኛለች!"

"ምስራች ብቻውን ይሄዳል እንዴ?" አሉ እትዬ ዘውዴ። "መርዶ መሰለህ?"

"እትዬ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ይውረዱልኝ።"

ወረዱ፣ ግን አኩርፈው አልተመለሱም። በመስታወቱ ሳይ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተሰልፈዋል። ነዳሁ። መንገዱ ሁሉ መብራት ነው፤ አውቶቡሱ በራሱ መስመር ይመጣል። ዳገቱ ላይ ክላቿን እንዴት እንደረገጥኩት እንጃ፣ ማቃጠል ማቃጠል ሸተተኝ፤ አስካለ ሰፈር ልደርስ ሁለት መንገድ ሲቀረኝ ቫኗ እምቢ አለች። ጥያት ሮጥኩ። አሳንሰሩ አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ናቸው።

በሩን ሳንኳኳ መተንፈስ አልቻልኩም። ግርማ ያን ቀን ደረጃው መሐል ምን እንደጠፋው እዚያ ላይ ገባኝ።

አስካለ ከፈተች። እኔን አላየችም፤ በትከሻዬ አልፋ ባዶውን ደረጃ ነው ያየችው።

"ብቻህን ነህ?"

ራሴን ነቀነቅኩ። ፊቷ ሊፈታ ሲል፣ ከታች ጩኸት ተነሣ። የሲሚንቶ ደረጃ እልልታና ኡኡታን አይለይም፤ እየወጣ፣ እየወጣ መጣ። በሩን ያዘች።

"እነዚያስ?"

ያለ የሌለ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። "እነሱ በአውቶቡስ ነው የመጡት" አልኳት። "አልጋበዝኳቸውም። አለ፤ ግርማ አለ።"

አስካለ ደፉ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ፣ ሕመሙ ከጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰች፤ ደርሰው ሲያቅፏትም አላቆመችም።

ግርማ ፋሲካን ሆስፒታል ዋለ። ሰው ሠራሽ በር ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛ ኪኒን ይውጣል፤ ነርሷ ጎመን ድንገት ካበዛ የኪኒኑ ጉልበት እንደሚቀንስ ለአስካለ አስረድታታለች። ይህንም ልብ በሉ፤ ለእንዲህ ዓይነት በሽተኛ ጎመን አትሸከሙለት። ጾም ስለነበር የመጣለት ሁሉ ጎመን ነው። አስካለ ማንንም ሳታስቀይም ተቀብላ ወደ እኔ ሱቅ አሳለፈችው። እስከ ፋሲካ የበላሁት ጎመን ነው።

አሁን ግርማ ሂሳብ ላይ ይቀመጣል። ሱቁ ጸጥ ሲል ደረቱ ውስጥ ያለው በር ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ደንበኛ ሲከራከርበት ይፈጥናል።

ወጪ፦ አንድ ፋሲካ፣ አንድ ክላች፣ ሁለት ወንበር። ገቢ፦ ጆንያ የማያነሣ አንድ ሰው። ቀሪ የለም፤ ሂሳቡ ተዘግቷል።